ከስሙ በፊት ዓመቱን ጠይቁ፦ የሦስቱ የናፍጣ ፒክአፕ ሞተሮች ታሪክ

ሆትሾት ልንጀምር ነው የሚሉ ልጆች ከሚጠይቁኝ ሁሉ አንደኛው ይኸው ነው፦ «ከሚንስ ይሻላል፣ ፓወር ስትሮክ ይሻላል ወይስ ዱራማክስ?» ሐበሻ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ስናወራው ደግሞ ነገሩ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ክርክር ይሆናል። ሁሉም የራሱን ያወድሳል፣ የሌላውን ያጣጥላል፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል።

እኔ መልሱ ታሪኩ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ከሦስቱ አንዱም ሁልጊዜ ጥሩ ሆኖ አያውቅም፣ አንዱም ሁልጊዜ መጥፎ ሆኖ አያውቅም። በጎኑ ላይ የተለጠፈው ስም ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ሞተር ግን ፍጹም ሌላ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ላጥራ። አገር ቤት ፒክአፕ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሃይሉክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሄቪ ዱቲ» የሚባሉት ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው፦ ራም 2500 እና 3500፣ ፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350፣ የሼቭሮሌና የጂኤምሲ 2500 እና 3500። ከኋላቸው ረጅም ተጎታች ተቀጥሎ መኪና፣ ትራክተር፣ ብረታ ብረት ይጎትታሉ። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ የሚጀምሩት ከትልቁ ትራክ ስለሚረክስ ነው፤ የመኪናውና የተጎታቹ ጠቅላላ የክብደት ደረጃ ከ26,000 ፓውንድ ካላለፈም ያለ ሲዲኤል መንዳት ይቻላል።

1. ሹፌሩ ከሚንስ

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ላይ ያሳየው ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ብቻ በኃይል ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። በ1970ዎቹ የነበረ የቤንዚን ሞተር አየሩን 8 ወይም 9 እጥፍ ሲጨምቅ የናፍጣው ከ16 እስከ 22 እጥፍ ይጨምቃል። ጉልበቱም የነዳጅ ቁጠባውም ከዚህ ይመጣል። ጣጣውም ከዚሁ ነው፤ ያን ግፊት የሚችል ብሎክ፣ ቴስታታና ብሎን ያስፈልጋል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሞተር መንገድ ላይ ካወጡት አንዱ ክሌሲ ከሚንስ ነው። ሰውየው ሹፌር ነበር! ኢንዲያና ውስጥ ኮሎምበስ በምትባል ትንሽ ከተማ የአንድ ባለ ባንክ፣ የደብልዩ ጂ ኧርዊን፣ መኪና ነጂ ነበር። በ1919 በአሠሪው ገንዘብ ኩባንያውን አቋቋመ። ለዓመታት ትርፍ አልነበረውም። በ1929 መጨረሻ አንድ ያገለገለ ፓካርድ ሊሞዚን ላይ የናፍጣ ሞተር ገጠመና አሠሪውን አንሸራሸረው። ትንሽ ቆይቶ በዚያው መኪና ከኢንዲያናፖሊስ ኒውዮርክ ድረስ ነዳ። ለመንገዱ በሙሉ የፈጀው ናፍጣ ዋጋ 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነበር። በ1931 ደግሞ የከሚንስ ናፍጣ የተገጠመለት የውድድር መኪና የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ጨርሶ 13ኛ ወጣ። ፈጣን አልነበረም፤ ግን አልቆመም። የናፍጣ ጠባይ ይኸው ነው።

2. ከቤንዚን የተወለደው ናፍጣ

በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ጂኤም በ1978 ኦልድስሞቢል የተባለው ክፍሉ የሠራውን 5.7 ሊትር ቪ-8 ናፍጣ በቤት መኪኖችና በቀላል ፒክአፖች ላይ ገጠመ። ይህ ሞተር የተቀዳው ከቤንዚን ሞተር ነው። ብሎኩን አጠንክረውታል። የቴስታታ ብሎኖቹን ቁጥርና አቀማመጥ ግን በነበረው የፋብሪካ ማሽን ለመሥራት ሲሉ እንዳለ ተዉት፤ ለአንድ ቴስታታ 10 ብሎን። 8 እጥፍ ለሚጨምቅ ሞተር የተሰላ ብሎን 22.5 እጥፍ ቻል ተባለ። ብሎኑ ተሳበ፣ ጓርኒሲዮኑ ለቀቀ፣ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገባ። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ደግሞ ውሃን ከናፍጣ የሚለይ ማጣሪያ አልተደረገለትም፤ ስለዚህ ፓምፑና ኢንጀክተሩ ዛገ። በ1985 ተቋረጠ። ብዙ አሜሪካዊ «ናፍጣ የቤት መኪና በሩቁ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለፒክአፕ ተብለው የተሠሩት ተከትለው መጡ። ጂኤም በ1982 ባለ 6.2 ሊትሩን አወጣ፤ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ያለ ቱርቦ። ይኸው ሞተር የአሜሪካ ጦር ሃምቪ ላይም ተገጥሟል። ፎርድ የራሱ ናፍጣ ስላልነበረው በ1983 ከኢንተርናሽናል ሃርቬስተር 6.9 ሊትር ቪ-8 ገዛ፣ በ1988 ወደ 7.3 አደገ። ታማኝ ነበሩ፣ ግን ዝግ ያሉ። ሰው የሚገዛቸው ነዳጅ ስለሚቆጥቡ እንጂ ስለሚጎትቱ አልነበረም።

3. ከእርሻ የመጣው

በዚያን ጊዜ ዶጅ በፒክአፕ ገበያ ከሦስቱ መጨረሻ ነበር፤ አካሉም ከ1972 ጀምሮ ብዙም ያልተለወጠ አሮጌ ነው። ከሚንስ በበኩሉ ኬዝ ከተባለው የትራክተር አምራች ጋር ሆኖ ለእርሻና ለግንባታ ማሽን የሠራው አዲስ ሞተር ነበረው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 5.9 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያውን በ6 ብሎን የተያዘ። ሁለቱ ተገናኙና በ1989 ከሚንስ ያለው ዶጅ ራም ወጣ።

ቁጥሩን አስተያዩት። የፎርዱ 7.3 የፈረስ ጉልበቱ 180 ነበር፣ የከሚንሱ 160። ወረቀት ላይ ፎርድ ይበልጣል። ቶርኩ ግን፣ ማለትም ጎማውን የሚጠመዝዘው ኃይል፣ የፎርዱ ከ350 ፓውንድ-ፉት በታች ሲሆን የከሚንሱ 400 ነው፤ ያውም ሞተሩ ሳይጮህ፣ ዝቅ ባለ ዙር። ዳገት ላይ ተጎታች ይዞ የሚያወጣችሁ ቶርክ ነው። ገበሬውና ፈረስ የሚያጓጉዘው ሰው ይህን ለማወቅ ካታሎግ አላስፈለገውም፤ አንድ ዳገት በቃው። ከዚያ ወዲህ የሦስቱ ፉክክር በነዳጅ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ በጉልበት ሆነ።

ታዲያ ከሚንስ እንከን አልነበረውም? ነበረው እንጂ። የፊት ማርሾቹ ሽፋን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የብረት ፒን በንዝረት ወጥታ ማርሾቹ መሐል ትወድቃለች፤ ፈረንጆቹ «ገዳይዋ ፒን» ይሏታል። በ1998 አጋማሽ የመጣው ባለ 24 ቫልቭ ሞተር የናፍጣ ፓምፕ ደግሞ ከታንክ የሚገፋለት ትንሹ ፓምፕ ሲደክም አብሮት ይሞታል። ከሞተሩ ኋላ ያለው የዶጅ አውቶማቲክ ካምቢዮም ለዚያ ቶርክ አቅም አጥቶ ኖሯል። ሞተሩ ሚሊዮን ማይል ቢሄድ ካምቢዮው ካልሄደ መኪናው ቆሟል።

4. አንድ ስም፣ አራት ሞተር

ፎርድ በ1994 አጋማሽ «ፓወር ስትሮክ» የሚለውን ስም አመጣ። ሞተሩን የሠራው ስሙን ወደ ናቪስታር የለወጠው ያው ኢንተርናሽናል ነው። 7.3 ሊትር፣ ኢንጀክተሮቹን የሚገፋው የሞተር ዘይት ግፊት፣ ለአንድ ሲሊንደር 6 ብሎን። እስከ 2003 ዘለቀ። እርግጥ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ስትበላሽበት መንገድ ላይ ድንገት ያጠፋል፤ እሷን ግን ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ይቻላል። ዛሬም ድረስ ሰው የሚፈልገው ሞተር ነው።

ግን የጭስ ሕጉ እየጠበቀ መጣ። 7.3ን ለማሻሻል ስላልተመቸ በ2003 አዲሱ 6.0 ተተካ። ስሙ ያው ፓወር ስትሮክ። ለአንድ ሲሊንደር ግን 4 ብሎን! ጭስን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ኢጂአር የሚባለው ነገርም ታከለበት። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ዘይት ማቀዝቀዣው በዝቃጭ ይደፈናል፤ በእሱ በኩል ውሃ የሚደርሰው የኢጂአር ማቀዝቀዣ ይጠማል፤ ውሃው ይፈላል፣ ማቀዝቀዣው ይሰነጠቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አራቱ ብሎኖች ይሳባሉ፣ ቴስታታው ይነሳል። የ1978ቱ ታሪክ ከ25 ዓመት በኋላ በሌላ ቤት ተደገመ።

የጥገናውን ዕዳ ማን ይክፈል በሚል ፎርድ በ2007 መጀመሪያ ናቪስታርን ከሰሰ፣ በ2009 ታረቁ፣ ተለያዩም። መካከል ላይ ከ2008 እስከ 2010 ባለ 6.4 ነበር። በ2011 ፎርድ ራሱ የሠራው 6.7 መጣ። ልብ በሉ፦ 7.3፣ 6.0፣ 6.4፣ 6.7። አራቱም «ፓወር ስትሮክ» ተብለው ነው የሚሸጡት። «ፓወር ስትሮክ ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ «የአበበ ልጅ ጎበዝ ነው?» እንደማለት ነው። የትኛው ልጅ?

5. የአይሱዙ እጅ

ጂኤም ከኦልድስሞቢሉ ውርደት በኋላ ብቻውን አልሞከረም። በ1992 ባለ 6.5 ሊትር ቱርቦ ሞክሮ ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ የፓምፑ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሙቀት እየተቃጠለ ስም አሳጣው። ስለዚህ ከአይሱዙ ጋር ዲማክስ የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቁሞ ኦሃዮ ውስጥ ሞሬይን ከተማ ላይ 6.6 ሊትር ዱራማክስን መሥራት ጀመረ። አዎ፣ አገር ቤት በጭነት መኪናው የምናውቀው አይሱዙ ነው። በ2001 ገበያ ላይ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበትና 520 ፓውንድ-ፉት ቶርክ ነበረው፤ በጊዜው ከሦስቱ ጠንካራው እሱ ሆነ። ከኋላው ደግሞ አሊሰን ካምቢዮ አለ፤ የዶጅ ገዢዎች በካምቢዮ ሲያለቅሱ የጂኤም ገዢዎች የተኙት በአሊሰን ነው።

እንከኑ? ከ2001 እስከ 2004 ያለው የመጀመሪያው ዱራማክስ ኢንጀክተሩ ይፈሳል፤ ያውም የተቀመጠው ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር ስለሆነ ለመቀየር ብዙ መፍታት ይጠይቃል። ጂኤም የኢንጀክተሩን ዋስትና ወደ 7 ዓመት ወይም 200,000 ማይል ለማራዘም ተገድዷል። ከ2011 እስከ 2016 ባለው ላይ ደግሞ ሲፒ-4 የሚባል የናፍጣ ፓምፕ አለ። ይህ ፓምፕ ቅባትነት ያለው ናፍጣ ይፈልጋል፤ የአሜሪካ ናፍጣ ደግሞ የቅባትነት መለኪያው ከአውሮፓው የላላ ነው። ፓምፑ ሲበላ የብረት ብናኙ ከኢንጀክተር እስከ ታንክ ይዳረሳል፤ ጠቅላላው መስመር ይቀየራል። ያው ፓምፕ የፎርድ 6.7 ላይም አለ። ራምም በ2019 ወደ እሱ ዞሮ ነበር፤ ቶሎ ተመለሰ።

6. ጭሱ

ከ2007 ጀምሮ የጭስ ማጣሪያ (ዲፒኤፍ)፣ ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ዴፍ የምንለው የዩሪያ ፈሳሽ መጣ። ራም ፒክአፕ ዴፍ የጀመረው በ2013 ነው። ይህ ዕቃ ረጅም መንገድ ይወዳል፤ በከተማ ውስጥ ቆም ሄድ የሚል መኪና ማጣሪያው ይደፈናል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዲሊት» ያስደርጋል። በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ ጭሱን የሚስበውም የእኛው ሠፈር ልጅ ነው።

አምራቾቹስ ንጹሕ ናቸው? በ2023 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ከ2013 እስከ 2019 በተሠሩ ወደ 630,000 ራም ፒክአፖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያታልል ሶፍትዌር ተገጥሟል ብሎ ከሰሰ። ከሚንስ ጥፋት አላመነም፤ ግን 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። በአየር ንጽሕና ሕጉ ታሪክ እንዲህ ያለ የፍትሐ ብሔር ቅጣት አልነበረም። ያ በ1.38 ዶላር ኒውዮርክ የገባው የሹፌሩ ኩባንያ ነው።

7. እና የትኛው?

በ1989 ቶርኩ 400 ነበር። ዛሬ የ2025ቱ ራም 1,075፣ ዱራማክስ 975፣ የፎርዱ ትልቁ 1,200 ነው። ሦስቱም ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ይጎትታሉ። ልዩነቱ የሚታየው ያገለገለ ስትገዙ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንገዛው ያገለገለ ነው።

አንድ የማውቀው ወንድም የሁለት ዓመት ዕቁቡን ይዞ ሄዶ በስሙ ብቻ ገዛ። በአራተኛው ወር ቴስታታው ተነሳ። ተጎታቹም ዕዳ፣ ኢንሹራንሱም ዕዳ ሆኖበት ወደ ሰው መኪና ተመለሰ። ስለዚህ፦

ሻጩ «ከሚንስ ነው» ሲላችሁ «የስንት ዓመተ ምህረት?» በሉት። ከሻሲ ቁጥሩ 8ኛው ምልክት ሞተሩን፣ 10ኛው የሞዴል ዓመቱን ይነግራችኋል፤ አፉን ሳይሆን እሱን እመኑ። የዚያ ዓመት ሞተር የታወቀ በሽታው ምን እንደሆነና ታክሞ እንደሆነ በደረሰኝ ጠይቁ። ካምቢዮውን ለብቻው አስፈትሹ። ማጣሪያው ተነስቶ ከሆነ ለመመለስ የሚያስወጣውን ከዋጋው ቀንሱ። ከገበያ በጣም የረከሰ 6.0 ካገኛችሁ የረከሰበትን ምክንያት ከላይ አንብባችኋል፤ ብሎኑና ማቀዝቀዣዎቹ በጠንካራ ዕቃ የተቀየሩለት ከሆነ ብቻ ተነጋገሩ።

ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ለምን ሥራ እንደተወለደና ምን እንዳሸከሙት ሳታውቁ አትፍረዱበት። ዕቁባችሁ የሚያርፈው በስም ላይ ሳይሆን በብሎን ላይ ነው።

ሊገዛ የተዘጋጀ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው። የያዛችሁትን ሞተር፣ ዓመቱንና የሄደውን ማይል ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅማል። ዳገቱን ያቅልልላችሁ፣ መልካም መንገድ።