በአጭር የተቀጨው ባለቅኔ

በሮማውያን አገዛዝ ዘመን በግሪክኛ የተጻፉ የሕፃናት የመቃብር ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል፤ «አዎሮስ»። ትርጓሜው «ያለ ጊዜው» ነው፤ እኛ በአጭር የተቀጨ እንደምንለው። ወላጆች የልጃቸውን ስምና ዕድሜ፣ አንዳንዴም ወሩንና ቀኑን ሳይቀር ቆጥረው በድንጋይ ያስቀርጹ ነበር። ረጅም ዕድሜ በዓመት ይቆጠራል፤ አጭር ዕድሜ ግን ቀኑም ይቆጨዋል።

በሮም ከተማ የተገኘው የኩዊንቱስ ሱልፒኪዩስ ማክሲሙስ መቃብር ከእነዚህ አንዱ ነው። ማክሲሙስ የኖረው 11 ዓመት ከ5 ወር ከ12 ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያኑስ እ.ኤ.አ. በ86 የመሠረተው፣ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው የካፒቶሊዩም ውድድር በ94 ለሦስተኛ ጊዜ ሲደረግ፣ ይህ ልጅ ከ52ቱ የግሪክኛ ባለቅኔዎች አንዱ ሆኖ ቀረበ፤ በተሰጠው ርእስም እዚያው በቃሉ ገጠመ። የመቃብሩ ጽሑፍ አሸነፈ አይልም፤ በክብር ተመለሰ ይላል እንጂ።

ርእሱ የፋኤቶን ታሪክ ነበር። ፋኤቶን የአባቱን የሄልዮስን የፀሐይ ሠረገላ ለመንዳት ለመነ፤ አባትም እሺ አለ። ልጁ ግን ፈረሶቹን መግታት ተሳነው፤ ዓለምን ሊያቃጥል ሲል ዜውስ በመብረቅ መታው። ማክሲሙስ የገጠመው ዜውስ ያን አባት ሲገሥጽ የሚናገረውን ቃል ነው።

አባቱ ኤውግራሙስና እናቱ ሊኪንያ ያኑአርያ 43ቱን ስንኞች በዕብነ በረድ አስቀረጹ። ምክንያታቸውንም በላቲን ጻፉ፤ ያመሰገኑት በፍቅር ታውረው እንዳይመስል፣ አንባቢ ራሱ አይቶ ይፍረድ ነው ነገሩ። ከሥሩ ያለው የግሪክኛ ግጥም ደግሞ የአሟሟቱን ምክንያት ይነግረናል፤ ሌት ተቀን ልቡን ከጥበብ ሳይለይ በሽታና ድካም ጣሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን አስተያያቸው። ከአቅሙ በላይ በሆነ ትምህርት ደክሞ በሞተ ልጅ መቃብር ላይ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ለልጁ የፈቀደ አባት ይወቀሳል። ወቃሹም የሟቹ የራሱ ቃል ነው። ወላጆቹ ይህን ተግሣጽ በራሳቸው ላይ ሰምተውት ይሆን? ድንጋዩ መልስ አይሰጥም። ሰምተውት ከሆነ ግን አልደበቁትም፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው ተዉት። ከልጃቸው ድምፅ የቀራቸው ይኸው ነበርና፣ የሚወቅሳቸውም ቢሆን ሊያጡት አልወደዱም።

በ3ኛው ምዕተ ዓመት የሮም ቅጥር ሲሠራ መቃብሩ በሳላርያ በር ግንብ ውስጥ ተውጦ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1871 ግንቡ ሲፈርስ ልጁ ከነግጥሙ ወጣ፤ ቶጋ ለብሶ፣ ጥቅልል ይዞ እንደ ቆመ።