ደም ግፊት ላይ ስኳር ሲጨመር

ጅዳም ሆነ መካ የምትሠሪ እህቴ፣ ግፊት እያለብሽ «ስኳርም አለብሽ» ከተባልሽ አንዱን መድኃኒት ለሌላው ብለሽ አትተዪ። ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ፣ ዓይንና ኩላሊት ይጎዳሉ።

• ለሐኪሙም ለማዳምም «ዐንዲ ሱከሪ ወ ደግጥ» በያቸው፤ ስኳርና ግፊት አለብኝ ማለት ነው።

• ሜትፎርሚን የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው። ሥራ በዝቶ ምሳ ከዘገየ ኪኒኑም ይቆይ፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል።

• ራስሽን ባመመሽ ቁጥር ብሩፌን አትዋጪ፤ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ፓናዶል ይሻላል።

• ካላበሽና ካንቀጠቀጠሽ ስኳርሽ ወርዶ ይሆናል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለሽ ድገሚ።

• ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመጾምሽ በፊት ሐኪም አማክሪ።

ለጤና ምክር 937፣ ለአጣዳፊ 911 ደውዪ።