መዝገቡ ለማን ይመሰክራል?

የመሬት መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ሲባል ቶሎ የሚነሣው ወሬ ስለ ፍጥነት ነው፤ ወረፋ ይቀንሳል፣ “ፋይሉ ጠፋ” የሚባል ሰበብ ይቀራል። የዳንግላ ወይም የባንጃ ገበሬ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለው። የተጻፈው ነገር ነገ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ለእሱ ይመሰክራል ወይስ በእሱ ላይ? ይህ ጥያቄ በዕድሜ ኮምፒውተሩን ያስከነዳል።

አብዛኛው የዛሬው አዊ በንጉሡ ዘመን አገው ምድር አውራጃ ተብሎ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። በዚያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ርስት የሚረጋገጠው ከወረቀት ይልቅ በዘር ቆጠራ ነው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆብን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ እንዳጠናው፣ ርስት ጠያቂው ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚ አባቱ ይደርሳል። ማስረጃው ያለው በሽማግሌዎች አእምሮ ውስጥ ስለሆነ ሙግቱ ማለቂያ አልነበረውም። ነገር ግን መንግሥትም በቀላሉ እጁን ሊያስገባበት አይችልም ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣና ገማች ወደ ገጠር ተላከ። የሞጣ፣ የቢቸና፣ የዳሞት ገበሬ ጠመንጃ አነሣ። ግብሩ መክበዱ ብቻ አይደለም ያስቆጣው። መሬቴ ከተገመተና ከተመዘገበ ርስቴ ከእጄ ይወጣል ብሎ ፈራ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን ንጉሡ አገረ ገዥውን አነሡ፤ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የአባት ቆጠራው ዋጋ አጣ። የስም ዝርዝሩ ገበሬ ማኅበር እጅ ገባ። ዝርዝር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ በደንብ ታየ። በቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ሥልጣን ነበረው ተብሎ “ቢሮክራሲ” የሚል ቃል ከስሙ ጎን የሰፈረበት ሰው ይዞታው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። እንግዲህ አንዲት ቃል ስንት ጥማድ እንደምታስከፍል አስሉት።

ይህ ሁሉ አልፎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር ያው ገበሬ ተሰልፎ ተመዘገበ። ምን ተለወጠ? ደብተሩ በእጁ ገባ። የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለበት። ሴቲቱ ስትፋታም ሆነ ባሏ ሲሞትባት ዳኛ ፊት የምታቀርበው ማስረጃ አገኘች። ከ1960ው ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ መዝገቡ ለተመዘገበውም መሥራት ጀመረ።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ፋግታ ለኮማ ላይ የእህል ማሳ ዲከረንስ ለብሷል፤ ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። መሬቱን ያከራየ ሰው ውሉ መቼ እንደተፈረመና ለስንት ዓመት እንደሆነ ከተካሰሰ፣ ፍርዱን የሚወስነው የተመዘገበው ቀን ነው። ወረቀት ላይ የተነካካ ነገር ቢያንስ ስርዝ ድልዙ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ ሥርዓት ከሌለ የተቀየረ ቀን ከመጀመሪያው ቀን አይለይም።

ሕጉ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ እንዳይውል ገደብ አበጅቷል። የ1989ኙን “ቢሮክራሲ” ለሚያስታውስ ሰው የሁለተኛው ትርጉም ግልጽ ነው። ባለቤቱ የማያየው፣ ሲሳሳት የማያርመው፣ ማን እንደከፈተው የማያውቀው መዝገብ ስክሪን ላይ ቢሆንም ያው የገማቹ መዝገብ ነው። ስለዚህ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የሄደ ሁሉ ደብተሩን ብቻ ይዞ አይመለስ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈውንም ታትሞ እንዲሰጠው ይጠይቅ።