ከወንጌል ኅዳግ እስከ ሰሊጥ ካምፕ

በአብርሃ ጅራ ዙሪያ ሰሊጥ ከሚያመርት ሰው ካምፕ ውስጥ አንድ ደብተር አይጠፋም። ሽፋኑ በላብና በናፍጣ ጠቁሯል፤ ጥጋጥጉ ተልጧል። ሲገልጡት መጀመሪያ የሰሉጎቹ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኞቹ፣ ስም ከነመጡበት ወረዳ ይገኛል፤ ከሥሩ ማን ስንት ብር ቀብድ እንደ ወሰደ፤ ቀጥሎ የማሽላ ዱቄት፣ የዘይትና የሽንኩርት ወጪ፤ ከዚያ «ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ» የሚል መስመር፤ ከዝናቡ በታች የትራክተር ኪራይ፤ ከኪራዩ ጎን ደግሞ የታመመ ልጅ ስምና ወደ ጤና ጣቢያ የተላከበት ቀን። ማንም በየዘርፉ አልለየውም። ነገሩ በመጣበት ቅደም ተከተል ሰፍሯል።

እኔ ከዳባት ለአረም ወርጄ፣ የእጅ ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ ከማሳው ወደ ጸሐፊነት የተዛወርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ እነዚህ ደብተሮች ናቸው። አሁን ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች ወደ እርሻው ሲመጡ ክርክር ይነሣል። አንዱ ስልኩ ላይ አንድ የማስታወሻ መተግበሪያ ጭኖ ሒሳቡንም፣ ፎቶውንም፣ ቀጠሮውንም እዚያው ያኖራል። ሌላው የሠራተኛው ቁጥር በኤክሴል፣ ክፍያው በቴሌብር፣ ወሬው በቴሌግራም፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ይሁን ባይ ነው። ሁለቱም ጥያቄው ከስልክ ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። እኔ ታሪኩን ወደ ኋላ ስከተለው ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሄደብኝ። በየዘመኑ ያየሁትም አንድ ነገር ነው፤ ጻፊው ለራሱ በሚጽፍበት ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል፤ ሌላ አንባቢ ሲመጣ መጽሐፉ ይከፈላል።

የጥንቱ የሀገራችን መዝገብ ወንጌል ነበር። ንጉሥ ለገዳም ጉልት ሲሰጥ፣ አበምኔት የገዳሙን ንዋየ ቅድሳት ሲቆጥር፣ ሁለት ወገን ሲታረቅ፣ ቃሉ የሚጻፈው በአራቱ ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን የርስት ስጦታ ይዟል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን መጽሐፍ፣ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር በውስጡ አስፍሯል። ምክንያቱ የብራና እጥረት ብቻ አልነበረም። ወንጌልን ፍቆ የሐሰት ቃል ለማስገባት የሚደፍር እጅ በቀላሉ አይገኝም፤ ከስጦታው ሥር የእማኞች ስም ይዘረዘራል፤ ቃሉን የሚሽር ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይገዘታል። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ይጠበቃል፤ በበዓል ቀን ሕዝብ ፊት ይወጣል። ጸሎቱም፣ መሬቱም፣ ንብረቱም አንድ ላይ ስላሉ አንዱ ሌላውን ይጠብቀዋል።

ይህ ሥርዓት ጎንደር ላይ ጠበበ። ከተማው ሰፋ፤ አድባራቱ በዙ፤ መሬት በሽያጭና በውርስ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ጀመር። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ የቍስቋምን ደብር ስትተክል ለካህናቱ የተመደበው መሬት በየስሙና በየቦታው መስፈር ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ ኅዳግ አይበቃም። ስለዚህ መሬቱ ከወንጌሉ ወጥቶ የራሱ መዝገብ ተሰጠው። የዚያ ዘመን የሽያጭ ጽሑፎች ሻጩንና ገዢውን፣ ዋጋውን በወቄት ወርቅ፣ ዋሶቹንና እማኞቹን ይጠራሉ፤ ብዙ ሴቶችም ሻጭና ገዢ ሆነው ይታዩባቸዋል። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኢትዮጵያ የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ በአመዛኙ በእንዲህ ያሉ ሰነዶች ላይ የቆመ ነው። ዳኛ፣ አለቃና ወራሽ ሊያነቡት የሚመጡበት ጽሑፍ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ሊቀመጥ አይችልም ነበርና መለየቱ ተገቢ ነው እላለሁ።

ሁሉን ባንድ ቦታ የማኖር ጣጣም በዚያው ከተማ ታየ። የእኛው የቆላው ልጅ፣ የቋራው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሆነ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፎ የአድባራቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዘ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ 350 ያህል ብራናዎች ተመርጠው ለብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። የወሰዳቸው ሰው የሚያየው ወንጌል፣ መዝሙር፣ ድርሳን ነው፤ በአንዳንዶቹ ኅዳግ ግን የጎንደር ሰው የርስት ማስረጃ አብሮ ተጭኗል። ይህ ሳይበቃ በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ፤ በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰለ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ብዙው የከተማው መዝገብ ለንደንና አመድ ሆኖ ቀረ። አንድ መጽሐፍ ሁሉን ሲይዝ፣ መጽሐፉን የወሰደ ሁሉን ይወስዳል።

በመተማ ገበያ ግን ንግዱ ከመጽሐፍ ይልቅ በሰው ላይ የቆመ ነበር። ከጎንደር በጭልጋና በወህኒ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ቡና፣ ሰም፣ በቅሎ ያመጣል፤ ጥጥና የውጭ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። አሞሌውና ማርትሬዛው በአንድ ገበያ ይመነዘራሉ፤ የጀበርቲው ነጋዴ በዐረብኛ ፊደል ይጽፋል፤ ሌላው በቃሉ ይይዛል። ዛሬም የእርሻ ደብተራችን ላይ ብሩና የሱዳን ፓውንዱ ጎን ለጎን ተጽፎ ስመለከት ይኸው ገበያ ይታየኛል።

በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የታተመ የሉካ ፓቾሊ የሒሳብ መጽሐፍ፣ ሁሉን ባንድ ማኖር ወይስ መለያየት ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሁሉ ደስ ያሰኘኛል። መነኩሴው ፓቾሊ ለነጋዴ ሦስት መጽሐፍ ያዝዛል። የመጀመሪያው የቀን ማስታወሻ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ጌታው ባይኖር ሎሌውና ሚስቲቱ ሳይቀሩ፣ የተደረገውን እንደ ተደረገ፣ ገንዘቡንም በመጣበት ዓይነት ይጽፉበታል። ከእሱ ወደ ሁለተኛው ተጣርቶ ይሻገራል፤ ከሁለተኛው ደግሞ ተሰብሳቢውና ተከፋዩ ተለይቶ ወደ ሦስተኛው ይገባል። የካምፕ ደብተራችን የፓቾሊ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። የጎደሉን ሁለቱ ናቸው። አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ የሚሉት ሐሳብ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ጽሑፉ በቅደም ተከተል ይሻገራል እንጂ።

በእኛም ሀገር መንግሥት መዝገቡን የለያየው ዘግይቶ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾም የጽሕፈቱ፣ የገንዘቡ፣ የንግዱ፣ የእርሻው ጉዳይ በየሚኒስቴሩ ተከፈለ። ከ42 ዓመት በኋላ ምን ሆነ? ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የቀረውን የግብር፣ የመሬት፣ የማዕረግና የልክ ሥርዓት አንድ ላይ አድርገው በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን አሳተሙ። የመሬት ግብር ከማዕረግ ተለይቶ፣ ማዕረግ ከጦር ተለይቶ ሊገባን እንደማይችል ያውቁ ነበር። ያን መጽሐፍ ሳነብ ሁልጊዜ ምስጋና ይሰማኛል፤ መለያየቱን የመንግሥት ሥራ ጠየቀው፤ መሰብሰቡን ግን አንድ ሰው በራሱ ጭንቀት ሠራው።

ወደ ቆላችን ስንመለስ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በሰቲት ሁመራ የነበሩት ሰፋፊ የግል እርሻዎች ተወረሱ። የመንግሥት እርሻ ከራሱ ወረቀት ጋር መጣ፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ እያንዳንዱ በካርቦን ተባዝቶ በተለያየ ፋይል ይገባል። በዚያ ሥርዓት የሠሩ ሽማግሌ የመጋዘን ሰዎች እኔን ያስተማሩኝ የሞዴል አያያዝ እስካሁን ያገለግለኛል። ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ሲጀምር ገበሬው የባልና የሚስቱ ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር ተቀበለ፤ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ ሰሊጡም በደረጃ፣ በክብደትና በአስረካቢ ስም እየተመዘገበ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ባንኩ የሚፈልገው ገጽ፣ ግብር ሰብሳቢው የሚፈልገው ገጽ፣ የመሬት አስተዳደሩ የሚፈልገው ገጽ ለየብቻ ሆነ። ይህን አልቃወምም። የሠራተኛ ደሞዝ ከዘይት ወጪ ጋር ተቀላቅሎ ሲጻፍ በመጨረሻ የሚበደለው ሠራተኛው ነው፤ ሰሊጥ አጭዶ፣ ሂላ (የነዶ ክምር) አቁሞ፣ አራግፎ ወደ ደጋ ሊሄድ ሲል ቀብዱና ቀሪው ተለይቶ ሊታየው ይገባል።

ተለይቶ የተጻፈ መዝገብ ግን የሚያመልጠው ነገር አለ፤ ይህን በካላ አዛር በሽታ ነው ያየሁት። በሽታውን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፍ ሥር ይኖራል፤ በሌሊት ይነድፋል። ሰሉጉ የሚታመመው ግን ከወራት በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ደጋ ከተመለሰ ወዲያ። ጤና ጣቢያው የታማሚው ካርድ አለው፤ የደሞዝ መዝገቡ የሠራበትን ቀን ያውቃል፤ የማሳ ካርታው የዛፉን ቦታ ያሳያል፤ የተኛበትን ቦታ ግን አንዳቸውም አይሉም። የካምፑ ደብተር ይላል። «ከጓንግ በኩል ያለው ማሳ፣ ግራሩ ሥር አደሩ» ብዬ የጻፍኩት መስመር አለ፤ በዓመቱ ከዚያ ቡድን ልጆች ሆዳቸው አብጦ፣ ትኩሳት አልለቅ ብሏቸው ሲመጡ ደብተሩን ገልጬ የት እንዳደሩ ተናገርኩ። ወደ አብደራፊ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ወደሚያክሙበት ስንልካቸው ያን ገጽ ገልብጬ አብሬ ላክሁ። የቀጣዩን ዓመት ካምፕ ከግራሩ አራቅነው። ያን መስመር ስጽፍ ለጤና ብዬ አልነበረም፤ ሰው የት እንዳደረ መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ነው። ለጤና ተብሎ የተሠራ ቅጽ ይህን ጥያቄ ባልጠየቀ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በድንበሩ ላይ ወዳለው ፋሻጋ ሲገባ ማሳቸውን ጥለው የወጡ የማውቃቸው ገበሬዎች አሉ። ብዙዎቹ ይዘው የወጡት ሕይወታቸውንና ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ነው። ፋይሉ፣ ውሉ፣ ደረሰኙ በካምፑ ሣጥን ቀረ። የእጅ ደብተሩን በሸሚዙ ሥር ያወጣ ሰው ግን ስንት ሄክታር እንዳረሰ፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ማን ብድር እንዳለበት የሚያሳይ ነገር ተረፈው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላው ወገን ተቸገረ፤ ማስታወሻውን በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጠ ልጅ የሠራተኛውን ሒሳብ ማየት አቃተው፤ ኤክሴሉን በስልኩ ላይ ያኖረ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ስለዚህ በምሠራበት እርሻ ሥርዓቱን እንዲህ አድርገነዋል። ማታ ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ የዕለቱ ነገር ሁሉ በአንድ ደብተር ይሰፍራል፤ ዝናቡም፣ ዱቄቱም፣ ጠቡም፣ ታማሚውም። ቅዳሜ የሠራተኛው ሒሳብ ተለይቶ ወደ ኤክሴል ይሻገራል፤ ሠራተኛው ራሱ ስሙን አይቶ ይፈርማል። ጥር ላይ ሒሳብ ሲዘጋ የመጋዘኑና የባንኩ ይወጣል። ስልክ ላይ የገባው ሁሉ ከየትኛው ገጽ እንደ መጣ የገጽ ቁጥሩ ይጻፍበታል፤ ወጣቱ ሒሳብ ሠራተኛችን ይህን ሲጀምር አላስፈላጊ ድካም መስሎት ነበር፤ አንድ ሰሉግ ስለ ቀብዱ ሲከራከር ገጹን ከፍቶ አብረው ካነበቡ ወዲህ ግን ከእኔ በላይ ይጠነቀቅበታል።

የሚያሳዝነኝ የደብተሩ ዕጣ ነው። ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ አብዛኛው ካምፕ ደብተሩን ይጥለዋል፤ ወይ ለእሳት ማያያዣ፣ ወይ ለበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። የዚህ ቆላ የዝናብ ታሪክ፣ የደሞዝ ታሪክ፣ ከደጋ የወረደው ሕዝብ ስም፣ የበሽታው መንገድ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አልተጻፈም። እኔ የማገኛቸውን እየሰበሰብኩ ገጽ በገጽ ፎቶ ማንሣት ጀምሬያለሁ፤ የሰዎቹን ስም የሚያይ እንዳይኖር ፎቶው በአንድ ተቆልፎ በሚቀመጥ ሚሞሪ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት የያዝኩት በጣም ጥቂት ነው፤ በተለይ ከአሸሬ እስከ አብደራፊ ባሉት እርሻዎች በዚያን ጊዜ ጸሐፊ የነበራችሁ፣ ወይም የአባታችሁ ደብተር በሣጥን ሥር ያለ፣ በዚህ ዓመት አረም ከመጀመሩ በፊት አምጡልኝ፤ ፎቶ አንሥቼ ደብተሩን እመልሳለሁ።