የቆዩ የፈረንሳይ የጉዞ ብስክሌቶች አለያየት

የፈረንሳይ የጉዞ ብስክሌት በፈረንሳይ ለረጅም መንገድ የሚሠራ የብስክሌት ዓይነት ነው። ከእሽቅድምድም ብስክሌት የሚለየው በፓራፋንጎው፣ በዲናሞ መብራቱ፣ በዕቃ መጫኛውና በሰፊ ጎማው ነው። ረኔ ኤርስና አሌክስ ሲንጀር በትእዛዝ በመሥራት ይታወቃሉ፤ ፔዦ ደግሞ በፋብሪካ በብዛት ያመርት ነበር።

ልኬት

ቀለምና ተለጣፊ ጽሑፍ ሊታደሱ ስለሚችሉ ይበልጥ የሚታመነው ልኬት ነው። የቆየው የፈረንሳይ ሥራ በሜትሪክ የተለካ ነው። ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው የፍሬም ቱቦ ውፍረት በተለምዶ 28 ሚ.ሜ. ሲሆን የእንግሊዙ 28.6 ሚ.ሜ. ነው። የፔዳሉ ብሎን 14 ሚ.ሜ. ሲሆን የእንግሊዙ 14.3 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ሆኖም የእንግሊዝ ፔዳል በግድ ቢገባ የብሎኑን ጥርስ ያበላሻል። 650ቢ የተባለው ቸርኬ (የጎማ መቀመጫው 584 ሚ.ሜ.) በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ የተለመደ ነው።

ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈረንሳይ አምራቾች ወደ እንግሊዝ ልክ ዞረዋል። ስለዚህ ሜትሪክ ጥርስ ያለው ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሲምፕሌክስ የተባለው ድርጅት የሠራው የፕላስቲክ ማርሽ ቀያሪ ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በአንዳንድ ክፍሎች ላይም የተመረቱበት ዓመት ታትሞ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ማርሽ፣ ፍሬንና ጎማ በጥገና ጊዜ ይቀየራሉ። አንድ ክፍል የሚመሰክረው ስለ ራሱ ዕድሜ እንጂ ስለ ብስክሌቱ አይደለም። በፍሬሙ ላይ የተበየዱት ማያያዣዎች ከተገጠሙት ክፍሎች ጋር ከተስማሙ ግምቱ ይጠነክራል፤ ካልተስማሙ ፍሬሙ ይበልጥ ይታመናል።