ባንክዎ ሲዋሃድ ምን ይጠይቃሉ? ስለ ኩባንያዎች ውህደትና ግዢ ሕጎቻችን

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሥራ ላይ ያሉ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዘዘ፡፡ ቀድሞ የነበረው ዝቅተኛ መጠን 500 ሚሊዮን ብር ስለነበር ጭማሪው አሥር እጥፍ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ “ውህደት” የሚለው ቃል ከሕግ ባለሙያዎች መዝገበ ቃላት ወጥቶ የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል፡፡ ለእኔም ከሁሉ በላይ የሚቀርብልኝ ጥያቄ “ባንኬ ከሌላ ባንክ ጋር ቢዋሃድ የእኔ አክሲዮን ምን ይሆናል?” የሚል ነው፡፡

በዚህ ጽሑፍ የውህደት ሕጎቻችን ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ ለማሳየት እሞክራለሁ፡፡ የእኔ አቋም አጭር ነው፡፡ ሕጉ መንግሥት የሚጠይቅባቸውን በሮች በየጊዜው ጨምሯል፡፡ ትንሹ ባለአክሲዮን ግን ራሱ ካልጠየቀ በየትኛውም በር ላይ የሚጠይቅለት የለም፡፡

ውህደትና ግዢ

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ፡፡ ሁለት ኩባንያዎች የሚዋሃዱት በሁለት መንገድ ነው፡፡ አንደኛው ሌላውን በውስጡ ይጠቀልላል፣ ወይም ሁለቱም ፈርሰው አዲስ ሦስተኛ ኩባንያ ይወለዳል፡፡ በሁለቱም መንገድ የሚፈርሰው ኩባንያ ሀብት፣ ዕዳና የጀመረው የፍርድ ቤት ክርክር ሳይቀር ወደ ተረካቢው ይተላለፋል፡፡

ግዢ ከዚህ ይለያል፡፡ ገዢው አክሲዮን ከገዛ ኩባንያው በቦታው ይኖራል፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ የተደበቀ የግብር ዕዳም ቢኖር አብሮ ይገዛል፡፡ ፋብሪካውን፣ መሣሪያውንና የንግድ ምልክቱን ብቻ መርጦ ከገዛ ደግሞ ሻጩ ኩባንያ እንደ ሕጋዊ ሰው ይቀራል፡፡ የውል ድርድሩ ብዙውን ጊዜ የሚራዘመው በዚህ ምርጫ ላይ ነው፡፡

በትእዛዝ የተዋሃዱት

እኛ አገር ውህደት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ በስምምነት መዋሃድ ነው፡፡ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ከወረሰ በኋላ አዲስ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1972 ዓ.ም. በአዋጅ እንዲቀላቀሉ ተደረገ፡፡ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ፡፡ በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ መንግሥት ነበር፡፡ ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪሱ የሚያስገባ ሰው ዋጋ አይከራከርም፡፡ ጉባኤ የሚጠራ፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ “ድርሻዬ አነሰ” የሚል ባለአክሲዮንም አልነበረም፡፡

ዛሬ ግን ከ30 በላይ ባንኮች አሉ፡፡ አብዛኞቹ የግል ባንኮች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች አሏቸው፡፡ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው ከደመወዙና ከዕቁቡ ቆጥቦ የገዛው አክሲዮን ነው፡፡ ስለዚህ የትእዛዝ ዘመን ልማድ ለእነዚህ አይሠራም፡፡

አራቱ በሮች

የመጀመሪያው በር የንግድ ሕጉ ነው፡፡ እኔ ሕግ ስማር የምናነበው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ማኅበራት መቀላቀል የሚናገረው ጥቂት አንቀጾች ብቻ ነበሩት፡፡ እነሱንም የምናጠናው ለፈተና እንጂ ሥራ ላይ እናያቸዋለን ብለን አልነበረም፡፡ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 የማኅበራትን ክፍል በአዲስ ተክቶ አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲቆጣጠር የሚኖረውን ግንኙነት ጭምር ደንግጓል፡፡ ውህደት የኩባንያውን ህልውና የሚነካ ስለሆነ ውሳኔው የዳይሬክተሮች ቦርድ ብቻ አይደለም፤ የባለአክሲዮኖች ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፡፡

ሁለተኛው በር የውድድር ሕግ ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 ውህደትን አይቆጣጠርም ነበር፡፡ ቁጥጥሩ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 685 ገባ፤ በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813 ተካው፡፡ ይህ አዋጅ ውህደትን ሰፋ አድርጎ ተረጎመው፡፡ አክሲዮን ወይም ንብረት በመግዛት የሌላውን ድርጅት አመራር መቆጣጠርም እንደ ውህደት ተቆጠረ፡፡ ሊዋሃዱ ያሰቡ ሰዎች አስቀድመው እንዲያሳውቁ አስገደደ፡፡ ተቆጣጣሪው አካል ውህደቱን ሊፈቅድ፣ ሊከለክል ወይም በቅድመ ሁኔታ ሊፈቅድ ይችላል፡፡ መለኪያውም ውህደቱ በንግድ ውድድር ላይ የጎላ ጉዳት ያደርሳል ወይ የሚለው ነው፡፡

ይህ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ የቢራውን ገበያ ማየት ይበቃል፡፡ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት ገዛ፡፡ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን ወሰደ፡፡ የውጭ ኩባንያ የመንግሥትን ፋብሪካ ሲገዛ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ የተፎካካሪ ቁጥር አልቀነሰም፡፡ በ2014 ዓ.ም. ግን ዲያጆ ሜታን የቢጂአይ እናት ኩባንያ ለሆነው ለካስቴል ለመሸጥ ተስማማ፡፡ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ እርስ በርስ ሲፎካከሩ የነበሩ ሁለት ጠማቂዎች በአንድ እጅ መግባታቸው ነው፡፡ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን፡፡ የውድድር ሕግ የሚጠይቀው ግን የሚታሰረው አንበሳ ነው ወይስ ሸማቹ ነው ብሎ ነው፡፡

ሦስተኛው በር የዘርፉ ተቆጣጣሪ ነው፡፡ ባንክ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊዋሃድ አይችልም፡፡ ብሔራዊ ባንክ የሚያየው በዋነኛነት የአስቀማጩን ገንዘብ ደህንነት ነው፡፡ ሁለት ደካማ ባንኮች ሲደመሩ አንድ ጠንካራ ባንክ ላይወጣቸው ይችላል፡፡ የተበላሸ ብድር ከተበላሸ ብድር ጋር ቢደመር ያው የተበላሸ ብድር ነው፡፡

አራተኛው በር የካፒታል ገበያው ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1248 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ፡፡ የዚህ በር ጥቅም መረጃ ነው፡፡ ለሕዝብ አክሲዮን የሚያቀርብ ኩባንያ ስለ ራሱ የተሟላ መግለጫ ማውጣት አለበት፡፡

ከአገር ውጭ አምስተኛ በር አለ፡፡ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የኮሜሳ የውድድር ኮሚሽን ከጥር 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ በላይ አባል አገሮችን የሚነኩ ትልልቅ ውህደቶችን ይመረምራል፡፡ ናይሮቢና አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ኩባንያ የሚገዛ ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም፡፡

ሠራተኛውስ?

ውህደት ሲነሳ ሠራተኛ መደንገጡ የተለመደ ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ግን እዚህ ላይ ግልጽ ነው፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከእሱ በፊት የነበረውም አዋጅ፣ የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋሉ፡፡ አዲሱ ባለቤት “አንተን እኔ አልቀጠርኩህም” ሊል አይችልም፡፡ ይህ ማለት ግን ከውህደት በኋላ ቅነሳ ጨርሶ አይኖርም ማለት አይደለም፡፡ በአንድ መንገድ ዳር ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ቅርንጫፎች አንድ መሆናቸው አይቀርም፡፡ ቅነሳ ቢመጣም ግን ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት፣ ማስጠንቀቂያና ክፍያ ብቻ መሆን አለበት፡፡

የልውውጡ ሒሳብ

አሁን ወደ ባለአክሲዮኑ ልመለስ፡፡ በውህደት ውስጥ ዋናው ቁጥር የአክሲዮን ልውውጥ ምጣኔ ነው፡፡ ለምሳሌ ያህል ሁለት ባንኮችን “ሀ” እና “ለ” እንበላቸው፡፡ እያንዳንዳቸው የ1,000 ብር ዋጋ የተጻፈባቸው 1 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሏቸው፡፡ ዕዳቸው ተቀንሶ የቀረው ሀብት ሲመረመር የ“ሀ” አንድ አክሲዮን 1,500 ብር፣ የ“ለ” ደግሞ 1,000 ብር ሆነ፡፡ ትክክለኛው ልውውጥ ሦስት የ“ለ” አክሲዮን በሁለት የ“ሀ” ነው፡፡ ቦርዶቹ ግን “የተጻፈው ዋጋ እኩል ነው” ብለው አንድ ለአንድ ቢስማሙ፣ የአዲሱ ባንክ አንድ አክሲዮን 1,250 ብር ይሆናል፡፡ በ“ሀ” ባንክ 300 አክሲዮን የነበረው ሰው በአንድ የእጅ ማውጣት 75,000 ብር አጣ ማለት ነው፡፡ ማንም አልሰረቀውም፤ ድምፅ ሰጥቶ ነው የተወው፡፡

ብዙዎቻችን ደግሞ ድምፅ እንኳ አንሰጥም፡፡ የጉባኤ ጥሪ ሲመጣ ውክልናውን ፈርመን ለማናውቀው ሰው እንሰጣለን፤ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ብቻ እንጠይቃለን፡፡

የውጭ ገዢና የብር ዋጋ

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ነው፡፡ ባንኮቻችን ለውጭ ዜጋ ለረጅም ዓመታት ዝግ ነበሩ፡፡ በ2011 ዓ.ም. ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቀደ፡፡ አዲሱ አዋጅ ደግሞ ስትራቴጂካዊ የውጭ ባለሀብት በአንድ ባንክ እስከ 40 በመቶ፣ የውጭ ባለድርሻዎች በጠቅላላው እስከ 49 በመቶ እንዲይዙ ፈቀደ፡፡

የ5 ቢሊዮን ብሩ መመሪያ ሲወጣ አንድ ዶላር ወደ 42 ብር ገደማ ነበር፤ ገንዘቡ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ120 ብር በላይ ገባ፡፡ ያው 5 ቢሊዮን ብር ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፡፡ ዶላር ይዞ ለሚመጣ ገዢ ዋጋው ወደ አንድ ሦስተኛ ቀንሷል ማለት ነው፡፡ የውጭ ካፒታል መምጣቱን አልቃወምም፤ ዕውቀትና ውድድር ያመጣል፡፡ ነገር ግን ተነጣጥለው ከሚደራደሩ ትንንሽ ባንኮች ይልቅ አስቀድሞ በትክክለኛ ሒሳብ የተዋሃደ ባንክ የተሻለ ዋጋ ያገኛል ብዬ አምናለሁ፡፡

ምን ይደረግ?

ባለአክሲዮኑ እጁን ከማውጣቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፡፡ አንደኛ፣ የልውውጥ ምጣኔውን ያወጣው ገለልተኛ ገማች ነው ወይ? ሁለተኛ፣ የሌላው ባንክ የተበላሸ ብድር ስንት ነው? ሦስተኛ፣ የቦርድ አባላትና ሥራ አስፈጻሚዎች ከውህደቱ በግል የሚያገኙት ምንድን ነው? አራተኛ፣ ሰነዱ አንብቦ ለመረዳት በሚበቃ ጊዜ አስቀድሞ ደርሶናል ወይ? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ሰው ውክልናውን ባይፈርም ይሻለዋል፡፡

ለሕግ አውጪው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ፡፡ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነበር፡፡ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ፈርሶ ሥልጣኑ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጠ፡፡ ሚኒስቴሩ ንግድ እንዲስፋፋ የሚሠራ ነው፤ የውድድር ዳኛ ደግሞ አንዳንዴ ትልቁን ነጋዴ “አይሆንም” ማለት አለበት፡፡ ሁለቱን ሥራ አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለሚኒስቴሩም ሸክም ነው፡፡ ውህደት በሚበዛበት ዘመን ከሚኒስቴር ውጭ የቆመ፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ የሚያሳትም የውድድር ተቋም ያስፈልገናል፡፡ ውሳኔዎቹ ከታተሙ ጠበቃውም፣ ነጋዴውም፣ ባለአክሲዮኑም ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ የሚቀጥለው ውህደትም በወሬ ሳይሆን በሰነድ ይመዘናል፡፡