ረብውና ጾመኛው፦ የአስም ሕክምና ታሪክ ከአር-ራዚ ዘመን እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

በሻዕባን ወር መጨረሻ፣ ለረመዷን ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ የሚያሰግድ ኢማም የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ጎልማሳ ገበሬ ወይም በዕድሜ የገፉ እናት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእጃቸው የያዟት ግን አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። «ትንፋሼ ሲያጥር ይቺን ወደ አፌ ብነፋት ጾሜ ይፈርሳል ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ከሕክምናም ከፊቅህም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ሳይጠይቁ መድኃኒቱን ቤት ጥለው የሚጾሙም አሉ። አስም ደግሞ በድንገት የሚገድል በሽታ ስለሆነ፣ ጉዳዩ መምህራንና ኢማሞች በቸልታ የሚያልፉት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የበሽታውን ዕውቀት ታሪክ እናስከትልና ወደዚሁ ጥያቄ እንመለሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዐረቦች ይህን በሽታ «ረብው» ይሉታል። የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ስለ ትንፋሽ ማጠር የጻፉት ከግሪኮች የወረሱትን ይዘው ቢሆንም፣ በወረሱት ብቻ አልተወሰኑም። አቡ በክር ሙሐመድ ብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ (865–925) ዛሬ ቴህራን ባለችበት አካባቢ በነበረችው በሬይ ከተማ ተወልዶ በዚያችውና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመራ ሐኪም ነው። ከጻፋቸው አጫጭር ሪሳላዎች አንዱ እጅግ ልዩ ነው፤ ርእሰ ጉዳዩ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ወራት ጽጌረዳ ሲያሸት ለምን ዙካም (የአፍንጫ ጉንፋን) እንደሚይዘው ነው። ዛሬ ሐኪሞች የአፍንጫ አለርጂ የሚሉት ይህንኑ ነው። አር-ራዚ ማብራሪያውን የሰጠው በዘመኑ በነበረው የአራቱ እርጥበቶች ትምህርት በመሆኑ ምክንያቱን አላገኘውም። ያገኘው ግን ሌላ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመሙ በተወሰነ ወቅት እንደሚመጣ፣ ከተወሰነ ነገር ጋር እንደሚያያዝና ሌላውን ሰው የማይጎዳ ሽታ አንዱን ብቻ ሊጥል እንደሚችል አስተዋለ። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን የሚያስነጥሰውንና ዓይኑ የሚያለቅሰውን ሰው የጋይንት ሰውም ያውቀዋል፤ ብርድ መታው ብሎ ያልፈዋል እንጂ።

ኢብኑ ሲናም (980–1037) በ«ቃኑን» መጽሐፉ ስለ ረብው ጽፏል። ብዙ ልንቆይበት የሚገባን ግን የሙሳ ብኑ መይሙን መጽሐፍ ነው። ሙሳ (1138–1204) አይሁዳዊ ሲሆን፣ በኮርዶባ ተወልዶ በግብፅ የአዩቢዮችን ቤተ መንግሥት ያገለገለ፣ የሕክምና ሥራዎቹንም በዐረብኛ የጻፈ ሐኪም ነበር። ረብው ለሚያሠቃየው አንድ መኳንንት የጻፈለት ድርሳን 13 ምዕራፎች አሉት። ከምዕራፎቹ የሚበዙት ስለ መድኃኒት አይናገሩም፤ ስለ ምግብ ልክ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቁጣና ኀዘን፣ ከሁሉ በላይ ስለ አየር ይናገራሉ። የከተማ አየር በጭስ፣ በአቧራና በቆሻሻ እንደሚበከል ያስረዳል፤ በሽተኛው ከከተማ መውጣት ካልቻለ ቢያንስ ሰፊና ነፋሻ ቤት እንዲመርጥ ይመክራል። መድኃኒት ማብዛትንም ያስጠነቅቃል። ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ይህን ስናነብ የሚገርመን፣ ሰውየው የበሽታውን ሥር ሳያውቅ የአካባቢውን ጉዳት በትክክል መለየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን በፍጥነት እናልፈዋለን። «አለርጂ» የሚለውን ቃል የፈጠረው በ1906 የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። በ1911 ሊዮናርድ ኑን በለንደን የሣር ብናኝ ጭማቂን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ በመስጠት ሰውነትን የማለማመድ ሕክምና ጀመረ። ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት እንዲዋጋ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በ1966 እና በ1967 ታወቀ፤ በአሜሪካ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒክ ደረሱበት፤ «ኢሚኖግሎቡሊን ኢ» ተባለ። የአር-ራዚ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በመድኃኒቱ በኩል ያለው ታሪክ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም፤ ለእኛም የሚበጀው ይኸኛው ነው። በ1956 መድኃኒትን በልክ የሚረጭ የእጅ መንፊያ ለገበያ ቀረበ። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች አይዞፕሬናሊን የተባለው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን በመንፊያ ሲሰጥ፣ የወጣት የአስም በሽተኞች ሞት በድንገት ጨመረ። በሽተኞቹ ትንፋሻቸው ሲከፈትላቸው ዳኑ እየመሰላቸው የውስጡን ቁስለት ሳያስታምሙ ይቆዩ ነበር። በ1969 ለልብ የተሻለ ደኅንነት ያለው ሳልቡታሞል መጣ፤ በ1972 ደግሞ ቁስለቱን ራሱን የሚያበርደው የሚነፋው ቤክሎሜታዞን ተከተለ። ሆኖም በመላው ዓለም ብዙ በሽተኛ ሰማያዊውን ማስታገሻ ብቻ ይዞ ቀረ። ይህ አሠራር በይፋ የተለወጠው በቅርቡ ነው፤ በ2018 የወጡ ታላላቅ ጥናቶችን ተከትሎ የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት (ጂና) በ2019 ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት ከእንግዲህ አልመክርም አለ። በምትኩ ቁስለት የሚያበርደውንና የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን (ለምሳሌ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል) በአንድ መንፊያ አጣምሮ መስጠትን መረጠ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የማነብርሃንና ባልደረቦቻቸው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ሰው የተጠየቀበት ይህ ሥራ፣ በከተማ የሚያፏጭ ትንፋሽና አስም ከገጠሩ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ። እንግሊዛዊው ስትራካን በ1989 ንጽሕና የበዛበት አስተዳደግ አለርጂን ያመጣ ይሆን ወይ ብሎ ጠይቆ ስለ ነበር፣ የጅማው ውጤት በዓለም ዘንድ ብዙ አነጋገረ። በ2001 በዚያው በጅማ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በአንጀታቸው የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የሚያፏጭ ትንፋሽ አነስተኛ መሆኑን ገለጠ። ትል ደም ይመጥጣል፤ ያም ሆኖ ከሰውነት ጋር ለመኖር ሲል የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርድ ይመስላል። የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች፣ ጥቂቶቹ በጅማው ጥናት የተሳተፉ ነበሩ፣ ፈቃደኛ የአስም በሽተኞችን ሆን ብለው በትሉ ዕጭ አስይዘው ሞከሩ፤ በ2010 የታተመው ውጤት ግን ግልጽ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ «ትሉ መድኃኒት ነው፣ ልጆቻችንን የትል መድኃኒት አታጠጡ» የሚል ወሬ በመንደር ከተሰማ መምህራን ሊያርሙት ይገባል። ዝምድና ማየትና ፈውስ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። የሐዲስ ተማሪ ሰነዱን ሳይመረምር ዘገባ እንደማይቀበል ሁሉ፣ የሕክምና ዘገባም ሰንሰለቱ እስከ ፈተናው ድረስ መታየት አለበት።

በቡታጅራ ደግሞ ከአንድ ሺህ ያላነሱ እርጉዝ እናቶች በ2005 እና በ2006 ተመዝግበው ልጆቻቸው ለዓመታት ተከታትለዋል። ከዚያ የወጣው አንዱ ውጤት ፓራሲታሞልን ደጋግመው የወሰዱ ሕፃናት የሚያፏጭ ትንፋሽ እንደሚበዛባቸው ያሳያል፤ ምክንያቱ መድኃኒቱ ራሱ ይሁን መድኃኒቱን ያስወሰደው ሕመም ግን ክርክሩ አላበቃም። ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው ሥራ ሌላ ነው፤ የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ነርሶችን አሠልጥነው የሚጥል በሽታን፣ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና አስምን በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲከታተሉ ያደረጉበት ነው። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ በሽተኛው መድኃኒቱን በቅርብ ካላገኘ ሕመሙ እስኪብስ ይቆያል። ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በነፋስ መውጫ ባያልፍ ኖሮ ጋይንት ምን ትሆን ነበር? ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው የስማዳ ሰው ዛሬም ትንፋሽ አጥሮት ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ለአስም በሽተኛ ከዚህ የከፋ መንገድ የለም።

የጅማና የቡታጅራ ውጤት በቀጥታ ወደ ጉና ተራራ ሥር አይዛወርም፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱም ኑሮውም ሌላ ነው። ብርድ ቤት ያዘጋል፤ እንጨት ባነሰበት ደጋ ኩበት ይነዳል፤ ምጣዱ ሲጣድ ጭሱ የሚወጣበት የለውም። እናትየዋ የምትተነፍሰው ይህን ነው፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም እንዲሁ። በአውድማ ላይ ገብስና ጤፍ ሲወቃ እብቁ፣ በጎተራ የሻገተ እህል ሲገለበጥ አቧራው፣ በመደብ ላይ የተነጠፈው አጎዛ፣ እነዚህ ሁሉ የአየር ቧንቧን ያስቆጣሉ። ሙሳ ብኑ መይሙን ለመኳንንቱ የመከረው ነፋሻ ቤት እዚህ አንድ የጭስ መውጫና አንድ መስኮት ማለት ነው። የራሳችንንም ቤት እንይ፤ ለዓመታት ያልተራገፈ የመስጂድ ምንጣፍ ላይ ሱጁድ የሚያደርግ ሰው አፍንጫው ከአቧራው ጋር ይገናኛል፤ በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው በሚቀሩ ደረሳዎች መካከል ዑድና ዕጣን ሲጨስ የሚያስለው ልጅ ሥርዓት የጎደለው ተደርጎ ይገሠጻል። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ማውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው እንመለስ። ለታመመ ሰው ማፍጠርና በሌላ ቀን መክፈል በቁርአን የተፈቀደ መሆኑን ሁሉም ዑለማ ይስማማሉ። ልዩነቱ የሚነሳው መንፊያውን ተጠቅሞ ጾሙን ለሚቀጥለው ነው። ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ብኑ ባዝና ሸይኽ ሙሐመድ ብኑ ሷሊሕ አል-ዑሠይሚን አይፈርስም ብለዋል፤ ወደ ሳንባ የሚገባ እንጂ ምግብም መጠጥም አይደለምና። በሕንድ ክፍለ አህጉር ያሉ ብዙ የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ ቁስ ያለው ነገር በጉሮሮ ያልፋልና ይፈርሳል ይላሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 በጅዳ ባደረገው አሥረኛ ጉባኤ ጾምን የማያፈርሱ ብዙ የሕክምና ነገሮችን ሲዘረዝር፣ የአስም መንፊያን ለተጨማሪ ጥናት አቆይቶታል።

ለምን አቆዩት? ሕክምናው ራሱ ቀላል መልስ ስላልሰጠ ይመስለናል። አንድ የሳልቡታሞል ንፍ 100 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ሳንባ የሚደርሰው በተለመደው አጠቃቀም ጥቂቱ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛው በአፍና በጉሮሮ ቀርቶ ይዋጣል። ስለዚህ «ወደ ሆድ ምንም አይገባም» ማለት ትክክል አይደለም። በሌላ በኩል የሚዋጠው መጠን ጾመኛ ሲጉመጠመጥ በአፉ ከሚቀረው እርጥበት ያነሰ ነው፤ አይፈርስም የሚሉት ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱም ይኸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾመኛ ካልሆነ በቀር በአፍንጫ ውሃ መሳብን አጠንክሮ መሥራትን ማዘዛቸውን ሁለቱም ወገን ይጠቅሰዋል። አንዱ ከጥንቃቄው ይነሳል፣ ሌላው ጾመኛም ቢሆን መጉመጥመጥ አለመከልከሉን ያያል። እኛ ወደ መጀመሪያው ፈትዋ እናዘነብላለን፤ ሌላውን መዝሀብ የሚከተለውን ግን ሕመሙ ሲነሳ አፍጥሮ ቀዷ እንዲያወጣ እንጂ መድኃኒቱን እንዲተው የሚያዝዝ መዝሀብ እንደሌለ እናስረዳዋለን።

የአዲሱ ሕክምና ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ቁስለት የሚያበርደው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ የሚነፋ ሲሆን፣ አብሮት ያለው ፎርሞቴሮልም ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል። በሽታው የሰከነለት ሰው አንዱን በኢፍጣር፣ ሌላውን በሱሑር ሊወስደው ይችላል፤ ቀን ማስታገሻ ላያስፈልገውም ይችላል። ይህ የሚወሰነው ከሐኪም ጋር ነው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ሳልቡታሞል ብቻ ስለሆነ፣ ኢማሙ ከሻዕባን በፊት የጤና ባለሙያውን «የሚያበርደው መድኃኒት መጥቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሐኪሞች ከዚህ መድኃኒት በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥና መትፋት ያዝዛሉ፤ የተረፈው በአፍ ውስጥ ነጭ ቁስል እንዳያወጣ ነው። ከሱሑር በኋላ ነፍቶ፣ አዛን ከመሰማቱ በፊት ለሱብሒ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው ይህን በዚያው በመጉመጥመጡ ይፈጽመዋል።